ስላይድ ለምትሠሩ ተማሪዎች፣ ስለ ኮፒራይት (የቅጂ መብት) ከአንድ ጡረተኛ አስተማሪ

ልጆች፣ ብዙ ዓመት ሳስተምር ካየሁት የተማሪ ፕረዘንቴሽን ሁሉ የማትጠፋ አንድ መስመር አለች፣ መጨረሻ ስላይድ ላይ "ምንጭ፦ ጎግል" የምትለው። ጎግል ምንጭ አይደለም በቃ! ፎቶውን ያነሳው ሌላ ሰው ነው፣ ጎግል የት እንዳለ ነው ያሳያችሁ።

ደግሞ እሱን አስተካክላችሁ የባለቤቱን ስም ብትጽፉም አላለቀም፣ ብዙዎቻችሁ የምትደባልቁት እዚህ ጋ ነው። ስም መጥቀስ ኮረጃችሁ እንዳትባሉ ነው፣ ኮፒራይት የሚጠይቃችሁ ግን ሕጉ ወይ ባለቤቱ ፈቅዶላችኋል ወይ ብሎ ነው። ስም ጠቅሶም ያለፈቃድ መጠቀም አለ። የኮፒራይት ጊዜው ያለፈበትን የድሮ ሥራ ደግሞ ማንንም ሳታስፈቅዱ ትጠቀማላችሁ፣ የኔ ነው ካላችሁ ግን ያው ኩረጃ ነው።

"የኮፒራይት ምልክት የለበትም እኮ" የሚለኝም አይጠፋም። በ1886 እ.ኤ.አ. በተጀመረው፣ አገሮች ስለ ኮፒራይት በተስማሙበት የበርን ስምምነት መሠረት አሁን ምልክትም ምዝገባም አያስፈልግም፣ ሥራው እንደተሠራ ጥበቃ አለው።

ክፍል ውስጥ ማሳየት ቀለል ይላል፣ ስምምነቱ ራሱ አገሮች ለማስተማሪያ በልኩ መጠቀምን እንዲፈቅዱ በር ከፍቷል፣ ዝርዝሩ ግን ከአገር አገር ይለያያል ስለዚህ የአገራችሁን ሕግ እዩ። ችግሩ የሚመጣው ያንኑ ስላይድ ቴሌግራም ቻናል ላይ ስትለቁት ነው፣ ያኔ ማስተማር ሳይሆን ለሕዝብ ማሰራጨት ነው የሚሆነው።

እኔ የምወደው መፍትሔ ቻርቱን ራሳችሁ ሣሉት ነው። ቁጥሩ መረጃ ስለሆነ የማንም አይደለም፣ የተጠበቀው አሣሣሉ ነው፣ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣችሁ ጻፉና ጨርሱ። ፎቶ ካስፈለጋችሁ ደግሞ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ላይሰንስ (ባለቤቱ "እንዲህ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት" ብሎ ለሁሉም አስቀድሞ የሰጠው ፈቃድ) ያለውን ፈልጉ፣ ግን ፊደሎቹን አንብቡ፦ "ኤንሲ" ካለ ለንግድ አይሆንም፣ "ኤንዲ" ካለ ቀይራችሁ ማሰራጨት አትችሉም።

የአስተማሪያችሁ ስላይድም የሱ ወይም የትምህርት ቤቱ ነው፣ ለማጥናት ተሰጣችሁ ማለት ዌብሳይት ላይ አፕሎድ አድርጉት ማለት አይደለም። ለጓደኞቼ ላካፍለው ወይ ብሎ ሁለት መስመር የጻፈልኝን ተማሪ ከልክዬ አላውቅም፣ የሚያናድደኝ ስሜን አጥፍቶ የራሱን የለጠፈው ነው። እናንተም የሠራችሁት ስላይድ የናንተ ነው፣ ቀጣዩ ባች ስማችሁን አጥፍቶ ካቀረበው የመናገር መብት አላችሁ።