ስቲም፣ ኤፒክ ወይስ ጎግ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስቲም፣ ኤፒክና ጎግ የኮምፒውተር ጌም በኢንተርኔት የሚሸጡ ሱቆች ናቸው። በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከአዳማ የተጻፉ ናቸው። የኮምፒውተር ጌም ከየት እንደሚገዛ፣ እንዴት እንደሚወርድና ገዝቶ ላለመቆጨት ምን መታየት እንዳለበት ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የምፈልገው ጌም በስቲም፣ በኤፒክና በጎግ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ዶርም ውስጥ ኢንተርኔት የማገኘው አልፎ አልፎ ነው። ከየትኛው ብገዛ ይሻለኛል?

መልስ፦ ዋጋው እኩል ከሆነ ያንተን ጉዳይ የሚወስነው ኢንተርኔቱ ነው። ጌሙ ለብቻ የሚጫወቱት ዓይነት ከሆነ ከጎግ ግዛ። ጎግ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተከፈተ ጀምሮ የሚታወቀው የቅጂ መቆለፊያ የሌለው ጌም በመሸጥ ነው። በድረ ገጹ ወደ አካውንትህ ገብተህ ሙሉ መጫኛውን ታወርዳለህ፤ ጋላክሲ የሚባለውን ላውንቸሩን (ጌሞችን የሚያወርድና የሚከፍት ፕሮግራም) መጫን ግዴታ አይደለም። ትልልቅ ጌሞች አንድ ትንሽ የሴትአፕ ፋይልና እያንዳንዳቸው እስከ 4 ጊጋባይት የሚደርሱ ተከታታይ ፋይሎች ሆነው ይወርዳሉ። ሁሉም በአንድ ፎልደር ካልተቀመጡ ጭነቱ መሃል ላይ ቆሞ ቀጣዩን ፋይል ይጠይቅሃል፤ አንዱ ሳያልቅ ከተቋረጠ ደግሞ ፋይሉ ተበላሽቷል ይልሃል። ወደ ሀርድ ዲስክህ ከገለበጥክ በኋላ የፋይሎቹን መጠን ከድረ ገጹ ጋር አመሳክር። ከዚያ ወዲያ ላፕቶፕህ ፎርማት ቢደረግ እንኳ ያለ ኢንተርኔት እንደገና ትጭነዋለህ።

ስቲምም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ግን አስቀድሞ ዝግጅት ይፈልጋል። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ገብተህ አካውንትህን እንዲያስታውስ ምልክት አድርግ። የጌሙ አፕዴት ማለቁን አረጋግጥ። ጌሙን አንዴ ክፈትና እስከ ዋናው ማውጫ ድረስ ገብተህ ዝጋው። ከዚያ ላይኛው ግራ ጥግ ስቲም የሚለውን ነክተህ «ጎ ኦፍላይን» የሚለውን ምረጥ። ዶርም ደርሰህ አልከፈትም ቢልህ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ አፕዴት ተጀምሮ አላለቀም፣ ጌሙ የአሳታሚውን ሌላ ላውንቸር ይጠይቃል፣ ወይም ዴኑቮ የሚባል መቆለፊያ ስላለበት በዚያው ኮምፒውተር ላይ በኢንተርኔት መረጋገጥ ይፈልጋል። የኋለኞቹ ሁለቱ በስቲም የሽያጭ ገጽ በቀኝ በኩል በትንሽ ሳጥን ይጻፋሉ። ያን ሳጥን ሳታነብ አትክፈል። የዩቢሶፍትን ጌም ከስቲም ብትገዛም ዩቢሶፍት ኮኔክት ይከፈታል፤ ጂቲኤ 5 የሮክስታርን ላውንቸር ይጠራል።

በገንዘብ ተመላሽም ልዩነት አለ። ስቲምና ኤፒክ ከገዛህ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወትክ ይመልሳሉ። ጎግ ጌሙን ከፍተህ ተጫውተህም እስከ 30 ቀን ድረስ ይመልሳል። በስቲም 2 ሰዓቱ የሚቆጠረው ጌሙ ክፍት ሆኖ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ነው፤ የአሳታሚው ላውንቸር ተከፍቶ ፓስወርድ ስትፈልግ ያለፈው ጊዜም ይገባል። ቡና ልትጠጣ ስትወጣ ጌሙን ክፍት አትተው።

ጌሙ ከጓደኛ ጋር የሚጫወቱት ከሆነ፣ ወይም ተጫዋቾች የሠሩለት ብዙ ሞድ (ጌሙን የሚቀይር ተጨማሪ) ካለው፣ ከስቲም መግዛት ይሻላል። ሞዶቹ ወርክሾፕ በሚባለው የስቲም ክፍል በኩል በአንድ ንክኪ ይጫናሉ፤ የስቲሙ ቅጂ ከሌሎች ሱቆች ተጫዋቾች ጋር የማይገናኝበት ጌም ስላለ ጓደኞችህ ያላቸውንም አስቀድመህ ጠይቅ። ኤፒክን ለግዢ የምንመክርህ ጌሙ እዚያ ብቻ ሲሸጥ ወይም ቅናሹ ጉልህ ሲሆን ነው። ኤፒክ ከአሳታሚው ሽያጭ ቢበዛ 12 በመቶ ብቻ ይወስዳል፤ ስቲም ግን በ30 በመቶ ይጀምራል። ይሁንና የመሸጫ ዋጋውን የሚወስነው አሳታሚው ስለሆነ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አንተ ዘንድ አይደርስም።

ጥያቄ፦ አንድ ጓደኛዬ ያላትን ጌም እኔም በስቲም ገዛሁ። መጠኑ 60 ጊጋባይት ነው። በሞባይል ዳታ ላውርደው ብል ጥቅሉ አይበቃኝም። ከእሷ ላፕቶፕ መገልበጥ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ደግሞም የተፈቀደ ነው፤ ጌሙ በአንቺ አካውንት እስካለ ድረስ። ካልገዛሽው ግን ፋይሉ ቢገለበጥም አይከፈትም። በ10 ሜጋቢት ፍጥነት 60 ጊጋባይት ሳይቋረጥ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል፤ በደህና ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክና በዩኤስቢ 3 ግን ግልበጣው ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው።

መጀመሪያ ዲስኩን እዪው። ፋት32 ተብሎ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ሰፊ ባዶ ቦታ እያለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚለው ለዚህ ነው። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ይሁን፤ ፎርማት ሲደረግ በላዩ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሺ።

በጓደኛሽ ኮምፒውተር ላይ ጌሙን ወቅታዊ አድርጉት። የጌሙን ስም በቀኝ ነክታችሁ «ማኔጅ»፣ ቀጥሎ «ብራውዝ ሎካል ፋይልስ» ስትሉ ፎልደሩ ይከፈታል። አንድ ደረጃ ወደ ላይ ውጡና ሙሉውን ፎልደር ስሙን ሳትቀይሩ ገልብጡ። በአንቺ ላፕቶፕ ላይ ስቲምን ዝጊው፤ ከትሪው (ከሰዓቱ አጠገብ ካሉት ትንንሽ ምልክቶች) ጭምር «ኤግዚት» በይ። ፎልደሩን ስቲምአፕስ ውስጥ ባለው ኮመን ፎልደር አስቀምጪ። ስቲምን ከፍተሽ ጌሙን «ኢንስቶል» በይና ያስቀመጥሽበትን ድራይቭ ምረጪ። ያሉትን ፋይሎች ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ከዜሮ ማውረድ ከጀመረ ወዲያው አቁሚው፤ ወይ የፎልደሩ ስም ተቀይሯል፣ ወይ የመረጥሽው ድራይቭ ሌላ ነው፣ ወይ ፎልደሩ በሌላ ፎልደር ውስጥ ተደርቦ ገብቷል። ሦስተኛው በጣም የተለመደ ነው።

ዲስክ ከሌለ ስቲም ራሱ በአካባቢ ኔትወርክ ያሻግራል። ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2023 የተጨመረ ነው። ሁለታችሁም በስቲም ሴቲንግ ውስጥ «ዳውንሎድስ» በሚለው ክፍል የአካባቢ ኔትወርክ ማሻገሪያውን ክፈቱ፤ አካውንታችሁ የተለያየ ስለሆነ እሷ ለስቲም ጓደኞች ይፈቀድ የሚለውን ትምረጥ። ከዚያ አንቺ «ኢንስቶል» ስትዪ ፋይሉ ከእሷ ይመጣል። ሁለቱም ስቲሞች ኦንላይን መሆን አለባቸው፤ በዚያ ሰዓት በእሷ ኮምፒውተር ላይ ጌም አትክፈቱ። በካፌ ወይም በግቢ ዋይፋይ እንቢ ሊል ይችላል፤ ብዙ የሕዝብ ዋይፋዮች አንዱ መሣሪያ ሌላውን እንዳያይ ይከለክላሉ። ያኔ በአንዳችሁ ስልክ ሆትስፖት ተገናኙ። በላፕቶፖቹ መካከል የሚተላለፈው ፋይል ከጥቅላችሁ አይቆረጥም፤ ስቲም ለመነጋገር የሚጠቀምበት ትንሽ ዳታ ብቻ ይቆረጣል። ግን ሂደቱን ጀምረሽ ዝም ብለሽ አትሂጂ። ዝውውሩ ከተቋረጠ ስቲም ቀሪውን ከኢንተርኔት ማውረድ ስለሚቀጥል፣ የትኛው እየሠራ እንደሆነ በዳውንሎድ ገጹ ላይ ተከታተዪ።

ለኤፒክ መንገዱ ትንሽ ይጠማዘዛል። ጌሙን በራስሽ ላውንቸር ማውረድ ጀምሪና 1 ወይም 2 በመቶ ሲደርስ አቁሚው። ላውንቸሩን ከትሪው ጭምር ዝጊ፤ የጓደኛሽን ፋይሎች በተፈጠረው ፎልደር ላይ ገልብጪ። ነጥብ ኢጂስቶር (.egstore) የሚባለውን ንዑስ ፎልደር ግን አትገልብጪ፤ የራስሽ ይቆይ። ላውንቸሩን ከፍተሽ ስትቀጥይ ፋይሎቹን ይፈትሻል።

መብራት ቢሄድ የወረደው አይጠፋም፤ ስቲም ካቆመበት ይቀጥላል። ሲጻፍ የነበረ ፋይል ግን ሊበላሽ ይችላል። ጌሙ ተከፍቶ ወዲያው የሚዘጋ ከሆነ «ፕሮፐርቲስ» ገብተሽ፣ «ኢንስቶልድ ፋይልስ» ከሚለው ሥር የፋይሎቹን ትክክለኛነት አስፈትሺ። ሁሉን አጥፍቶ እንደገና ማውረድ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ በቴሌግራም «50 ጌም ያለበት የስቲም አካውንት» በብር ሊገዛ ይፈልጋል። በሌላ መንገድ መክፈል አይቻልም ይለኛል።

መልስ፦ እባክዎ አይፍቀዱለት። የስቲም ውል አካውንት መሸጥን ይከለክላል። የመጀመሪያው ባለቤት ደግሞ የቀድሞ የክፍያ ማስረጃውን አቅርቦ አካውንቱን ማስመለስ ይችላል፤ ያኔ ልጅዎ ጌሙንም ብሩንም ያጣል፣ የሚከስሰውም አያገኝም።

ልጅዎ ስለ ክፍያው ያለው ግን በከፊል እውነት ነው። ስቲም በብር አይሸጥም፤ የተለመደው የአገር ውስጥ ኤቲኤም ካርድም በአብዛኛው አይሠራም። የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ካለዎት ባንክዎ ለኢንተርኔት ግዢ የሚሆን ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ይሰጥ እንደሆነ፣ የማረጋገጫ ኮዱም በስልክዎ ይመጣ እንደሆነ ይጠይቁ።

ውጭ አገር ዘመድ ካለ ቀላሉ የስቲም ዲጂታል የስጦታ ካርድ ነው፤ 5፣ 10፣ 25፣ 50 እና 100 ዶላር አለ። ላኪውና ተቀባዩ በስቲም ቢያንስ ለ3 ቀን ጓደኛ ሆነው መቆየት አለባቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፤ 5 ዶላር ያላወጣ አዲስ አካውንት የጓደኝነት ጥያቄ መላክ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄውን ዘመድዎ ይላክ፣ ልጅዎ ይቀበል። ጌሙን ራሱን በስጦታ መላክም ይቻላል፤ ዘመድዎ ያለበት አገር ዋጋ ከእኛው በጣም ካነሰ ግን ስቲም ስጦታውን አያሳልፍም። በቪፒኤን አገር ቀይሮ በርካሽ መግዛት ውሉን የሚጥስ ነው፤ አካውንቱን ሊያሳግድ ይችላል።

እስከዚያው ኤፒክ በየሳምንቱ ሐሙስ የሚሰጠውን ነጻ ጌም ይውሰድ። የሚቀየረው በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ ደግሞ ምሽት 1 ሰዓት። ካርድ አይጠይቅም። ጌሙን ወዲያው ማውረድም አያስፈልግም፤ በስልኩ ብራውዘር ገብቶ ወደ አካውንቱ ካስገባው የእሱ ሆኖ ይቆያል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ አብራችሁ ክፈቱለት።

ጥያቄ፦ ፍራንኮ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። አራት ኮምፒውተሮችን በአንድ የስቲም አካውንት፣ ወይም የቤተሰብ አባላት ጌም በሚጋሩበት በስቲም ፋሚሊ ላሠራቸው?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም። ተራ የስቲም አካውንት ለግል አገልግሎት እንጂ ለንግድ አልተፈቀደም። ፋሚሊ እስከ 6 ሰው ይይዛል፤ የታሰበው በአንድ ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ካለ ያንኑ ጌም ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አይጫወተውም። አንድ አባል ከወጣ ቦታው ለአንድ ዓመት አይተካም። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ አንድ ደንበኛ በእርስዎ ቅጂ ሲጫወት በማጭበርበር ቢታገድ እርስዎም በዚያ ጌም መታገድዎ ነው።

ስቲም ለጌም ቤቶች የተለየ የፒሲ ካፌ ፕሮግራም አለው፤ የንግድ ፈቃዱን በእሱ በኩል ይጠይቁ። ነጻ የሆኑትን፣ ለምሳሌ ዶታ 2ን ወይም በኤፒክ ያለውን ፎርትናይት፣ ደንበኞች በየራሳቸው አካውንት ገብተው ቢጫወቱ ለእርስዎም ስጋቱ ይቀንሳል። ደንበኛው ሲነሳ አካውንቱ መዘጋቱን ግን ሁልጊዜ ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ 4 ጊጋ ራም ነው፤ በዊንዶውስ 7 ይሠራል። ስቲም አልነሳ አለኝ።

መልስ፦ ስቲም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዊንዶውስ 7ን፣ 8ንና 8.1ን አይደግፍም። ስለዚህ ደጋግመህ መጫንህ ለውጥ አያመጣም። ዊንዶውስ 10 መጫን ከቻልክ ጫን፤ ከዚያ በታስክ ማናጀር «ስታርትአፕ» ክፍል ውስጥ ስቲምን፣ ኤፒክንና ሌሎቹንም ላውንቸሮች ከኮምፒውተሩ ጋር እንዳይነሱ አጥፋ። ስቲምን ስትከፍትም «ቪው» ከሚለው ሥር «ስሞል ሞድ» ምረጥ፤ ሱቁን ሳይጭን የጌሞችህን ዝርዝር ብቻ ያሳይሃል። ኮምፒውተሩ በ7 ላይ የሚቆይ ከሆነ ግን የቆዩ ጌሞችን ከጎግ ፈልግ፤ ከመክፈልህ በፊት በእያንዳንዱ ጌም ገጽ ላይ ከተዘረዘሩት ዊንዶውሶች መካከል 7 መኖሩን እይ።