ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጌሙ የማን እንደሆነ እወቁ

1. ወረቀት

የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ቀኑ ሳያልፍ አሳድሱ፣ ቤት ስትቀይሩ አድራሻችሁን አስመዝግቡ፣ ግብራችሁን በወቅቱ አሳውቁ። በዚህ የሚመክራችሁ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ መስጊድ በርም፣ ቡና ቤትም ሞልቷል፤ እኔ አልጨምርበትም። ዛሬ የማወራው ማንም ቁም ነገር ብሎ ስለማያነሳው ነገር ነው፦ ልጆቻችሁ፣ አንዳንዴም እናንተ ራሳችሁ፣ ስለምትገዙት ጌም። "ጌም ደግሞ ምን ወሬ ሆነ?" የምትሉ ካላችሁ የባንክ መግለጫችሁን አውጡና ባለፈው ዓመት ለጌም የወጣውን ደምሩ። ከዚያ እንነጋገራለን።

2. አካውንቱ በማን ስም ነው?

የእኛ ሰው አንድ አመል አለው። "ኮምፒውተር የሚችል" የአክስት ልጅ ይጠራል፤ ልጁም በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ የኢንተርኔት ጌም መደብር አካውንት ከፍቶ ይሄዳል። ነገ ይኳረፋሉ፣ ወይ ልጁ ወደ ሌላ ስቴት ይሄዳል፣ ወይ ኢሜይሉን ራሱ ይረሳዋል። ያን ጊዜ ገንዘቡን ያወጣው ሰው ለመደብሩ ማንም አይደለም። መደብሩ የሚያውቀው ኢሜይሉን ነው፤ የማን ላብ እንደፈሰሰበት አይጠይቅም።

ዱባይ ጥበቃ ሆኖ ሲሠራ የኖረ አንድ ልጅ አውቃለሁ። ከደሞዙ ለቤተሰብ ልኮ በተረፈችው፣ ቅናሽ በመጣ ቁጥር፣ አንድ አንድ ጌም እየገዛ ለዓመታት አጠራቀመ። ዲቪ ደረሰውና አሜሪካ ገባ። እዚህ ላፕቶፑን ሲከፍት መደብሩ ከማያውቀው አገር ስለገባ ጠረጠረውና "ኮድ ልኬልሃለሁ" አለው። ወዴት? ዱባይ ወደ ተዘጋው ስልክ ነዋ። ለመደብሩ ድጋፍ ክፍል ደብዳቤውን አብረን ጻፍን። የከፈልክበትን ካርድ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ላክ አሉት፤ ካርዱ የጓደኛው ነበር፣ ጓደኛው ደግሞ አገር ቤት ገብቷል። የስጦታ ካርድ ኮድ ካለህ ፎቶ አንስተህ ላክ አሉት፤ ፍቆ የጣለውን ካርድ ከየት ያምጣ? በመጨረሻ ቃሉ እንኳ ያልተቀየረ ያው መልስ ደጋግሞ ሲመጣ ላፕቶፑን ዘጋና "ይሁን፣ ተወው" ብሎኝ ወደ ማታ ፈረቃው ሄደ። ከመሳፈሩ በፊት በስልክ ስናወራ ወሬያችን ሁሉ የሻንጣ ኪሎ ነበር። ቁጥር መቀየር የአንድ ምሽት ሥራ ነበር፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከቤሩት፣ ከሪያድ፣ ከዱባይ የምትነሡ ሁሉ ሲማችሁን ከመጣላችሁ በፊት የየአካውንቱን ስልክ ቁጥር ቀይሩ ወይም የማረጋገጫ አፕ አስገቡ። ስልኩ ቢጠፋ የምትገቡባቸውን፣ መደብሩ የሚሰጣችሁን የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርት ጋር ያዙ። ደረሰኝ የሚመጣበትን ኢሜይል አታጥፉት።

በፕሌይስቴሽን በኩል ሌላም ጣጣ አለ። አካውንቱ ሲከፈት የተሞላው አገር አብሮት ይኖራል፤ ሳዑዲ ተብሎ የተከፈተ አካውንት ሜሪላንድ የተገዛ የስጦታ ካርድ አይቀበልም። ኢትዮጵያ ደግሞ ከነጭራሹ የፕሌይስቴሽን ባለቤት የሶኒ የኦንላይን አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ውስጥ የለችም። አዲስ አበባ ያሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች አካውንት የሚከፍቱት በሌላ አገር ስም ነው። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) በግንቦት 2024 ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያያይዙ አዘዘ፤ አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችም ሽያጩ ቆመ። በተነሣበት ቁጣ ግዴታውን በቀናት ውስጥ ተወው። ጌሙን አስቀድመው የገዙት ግን ለእነዚያ ቀናት በከፈሉበት ነገር ላይ ምንም ሥልጣን እንደሌላቸው አይተውታል።

3. "ግዛ" የሚለው ቁልፍ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከስቲም፣ ከኤፒክ፣ ከፕሌይስቴሽን ወይም ከኒንቴንዶ መደብር ጌም ስትገዙ ጌሙን አልገዛችሁም። የገዛችሁት ለመጫወት የተሰጣችሁን ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱንም የሰጠው አካል ሊያነሣው ይችላል። የቀበሌ ቤት ማለት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ኑሩበት፣ ቀለም ቀቡት፣ ሰርቪስ ሥሩበት፣ ካርታው ግን በእጃችሁ የለም።

ይህ የእኔ ምሬት እንዳይመስላችሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ አለ። ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ መደብር "ግዛ" የሚል ቃል ከተጠቀመ፣ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲነግር ያስገድዳል። ስቲም ሕጉ ከመጀመሩ በፊት፣ በጥቅምት 2024፣ ይህንኑ በመክፈያ ገጹ ላይ ጻፈ። ጽሑፉ እዚያ አለ፤ የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው። በሕጉ ውስጥ የምወዳት ነጥብ ደግሞ አንዲት ናት፦ ገዢው አውርዶ በራሱ ዕቃ ላይ ለዘለቄታው ሊያኖረው የሚችለውን፣ ሻጩም ተመልሶ ሊነጥቀው የማይችለውን ዕቃ ሕጉ አይመለከተውም። ሁለቱን ለይቷቸዋል ማለት ነው። እናንተም ለዩ።

መንጠቅ ሲባል በተግባር ምን እንደሚመስል ደግሞ ዘ ክሩ አሳይቷል። ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣው የመኪና ውድድር ጌም ነው፤ ብቻህን እየተጫወትክ እንኳ ኢንተርኔት ይፈልጋል። መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ። ብዙ ሳይቆይ ከገዙት ሰዎች አካውንት ላይ ፈቃዱ ራሱ ተነሣ። ሙሉ ዋጋ የከፈለውም፣ በቅናሽ የገዛውም እኩል ባዶ እጁን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጌም ገድላችሁ አትሂዱ የሚል ዘመቻ ተነሥቶ በአውሮፓ ኅብረት በ2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል። ፈረንሳይ ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ የፓሪስ ፍርድ ቤት በ2019 የስቲም ደንበኞች ጌማቸውን መልሰው መሸጥ ይችላሉ ብሎ ለሸማቾች ማኅበር ፈርዶ ነበር፤ በ2022 ግን በይግባኝ ተሻረ። በዲስክ ዘመን ጨርሰን ለጎረቤት እንደምንሸጠው፣ ከእነዚህ መደብሮች የገዛነውን ዛሬ መሸጥ አይቻልም።

ሣጥን አለው ብላችሁም አትታለሉ። ከኒንቴንዶ ስዊች 2 ጋር በ2025 የመጡት አንዳንድ ካርዶች ውስጣቸው ጌም የለም፤ ማውረጃ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። ከማሸጊያው ፊት ለፊት ታች ላይ ተጽፏል። ለልደት ስጦታ ከመግዛታችሁ በፊት መነጽራችሁን አድርጉና አንብቡ።

ታዲያ ምን ይሻላል ለምትሉኝ፦ ጎግ (GOG) የሚባል የኢንተርኔት መደብር አለ። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት በ2008 ጉድ ኦልድ ጌምስ ብሎ የከፈተው ነው። የሚሸጠው ዲአርኤም የሌለውን ነው፤ ጌሙ በተከፈተ ቁጥር "ይህ ሰው ከፍሏል ወይ?" ብሎ መደብሩን የሚጠይቅ ቁልፍ የለውም። ስሙ እንደሚለው አሮጌ ጌም ብቻ አይደለም፤ ዊቸር 3፣ ሳይበርፐንክ 2077፣ ባልደርስ ጌት 3፣ ስታርዲው ቫሊ ሁሉ አሉበት። ገንዘብ ለማስመለስ 30 ቀን ይሰጣል፤ ስቲም ግን የሚሰጠው 14 ቀን ነው፣ እሱም ከሁለት ሰዓት በላይ ካልተጫወታችሁ። ለትንንሽ ጌሞች ደግሞ ኢች (itch.io) የሚባለው አለ። ስቲም ላይም መደብሩን ሳይጠይቁ የሚከፈቱ ጌሞች አይጠፉም፤ ችግሩ የትኞቹ እንደሆኑ መደብሩ አይነግራችሁም።

እዚህ ላይ ግን ብልጥ ነን የሚሉት ሁሉ የሚሰናከሉበት ነገር አለ። ከጎግ ስለገዛችሁ ብቻ ጌሙ በእጃችሁ አልገባም። ጋላክሲ በሚባለው የጎግ ፕሮግራም ጭናችሁ መጫወት አንድ ነገር ነው፤ የመጫኛ ፋይሉን ማስቀመጥ ሌላ። በድረ ገጹ ገብታችሁ፣ ከገዛችሁት ጌም ሥር የኦፍላይን መጫኛውን ፈልጋችሁ አውርዱ። ትልቅ ጌም ከሆነ አንድ ኤግዚ ፋይልና እያንዳንዳቸው እስከ 4 ጊጋ የሚደርሱ ተከታታይ ቢን ፋይሎች ሆኖ ይመጣል። ሁሉንም በአንድ ፎልደር አድርጉ፤ አንዷ ቢን ከጎደለች ጭነቱ መሐል ላይ ይቆማል። ማስፋፊያ (የጌሙን ተጨማሪ ክፍል) ከገዛችሁ የእሱ መጫኛ ለብቻው ነው። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፉና ጫኑት። ከተከፈተ የእናንተ ነው። ካልተከፈተ 30 ቀኑ ሳያልፍ ገንዘባችሁን አስመልሱ።

ኤፒክ በየሳምንቱ ነፃ ጌም ይሰጣል። ልጃችሁ "ሦስት መቶ ጌም አለኝ" ብሎ ይኮራባችኋል። አለኝ ይበል እንጂ አካውንቱ የተዘጋ ቀን አንድም የለውም። ነፃ ነውና ይውሰድ፣ አልከለክልም።

እኔን የሚያንገበግበኝ በገንዘብ የሚገዛው አየር ነው። ፎርትናይት ውስጥ ቪ-ባክስ፣ ሮብሎክስ ውስጥ ሮበክስ፣ በኳስ ጌሙ ኤፍሲ ውስጥ የተጫዋች ፓኬት። እናት ሌሊቱን ሙሉ የሰው እናት ስታገላብጥና ስታጥብ አድራ ያመጣችውን ገንዘብ ልጅ በአንድ ከሰዓት ለአሻንጉሊት ሰው ልብስ ይጨርሰዋል። ኤፍሲ በየዓመቱ አዲስ ይወጣል፤ በገንዘብ የገነባችሁት ቡድን ወደ አዲሱ አይሻገርም፣ እዚያው ይቀራል። በዚህ የምትበሉት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። በ2022 መጨረሻ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን፣ ኤፒክ ተጫዋቾችን ሳያስቡት እንዲገዙ በሚያደርጉ ቁልፎች አታሏል ብሎ 245 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ አድርጎታል። እኛ ዘንድ ያለው ጥፋት ግን ከኤፒክ አይጀምርም። አባት ልጁ እንዳይጨቀጭቀው ካርዱን ኮንሶሉ (የጌም ማሽኑ) ላይ መዝግቦ ይተኛል። "ምን ላድርግ፣ እንግሊዝኛው አይገባኝም" ትላላችሁ። የልጁን የጌም ጓደኛ ስም የማታውቁትም በእንግሊዝኛው ምክንያት ነው? ካርዱን ዛሬ ከኮንሶሉ ላይ አጥፉት። የግዢ ይለፍ ቃል አድርጉ፤ ልጁ ሲፈልግ እናንተ ዘንድ መጥቶ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚፈልገው በአማርኛ ያስረዳ። ስታርዲው ቫሊ ዋጋው 15 ዶላር ገደማ ነው። አንዴ ተከፍሎበት፣ መጫኛው ዲስክ ላይ ተቀምጦ፣ ታናሽ እህቱም አድጋ ትጫወተዋለች። በዚሁ 15 ዶላር የሚገዛው ልብስ በሚቀጥለው ወር ይሰለቻል።

ሁሉም ነገር ጎግ ላይ የለም፤ ኤፍሲም ፎርትናይትም የሉም። ልጁ ጓደኞቹ ያሉበትን መጫወቱ አይቀርም። ለዚያ የምታወጡትን እንደ ሲኒማ ትኬት አስቡት፣ ወርሃዊ ልክ አብጁለት። "ገዛሁለት" አትበሉ እንጂ።

4. ሞት

ስቲም አካውንት በኑዛዜ እንደማይተላለፍ በ2024 ለጠየቀው ደንበኛ መልሷል። ጎግ በዚያው ዓመት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመጣ ለመተባበር እንደሚሞክር ተናግሯል። እኔ ፍርድ ቤት አልጠብቅም፤ መጫኛዎቹ ያሉበት ሃርድ ዲስክ የቤቱ ሰነዶች ባሉበት ሣጥን ውስጥ ነው፣ ልጆቹም ያውቁታል።

5. ወደ አገር ቤት

የወንድማችሁ ልጅ "ጌም ላክልኝ" ሲላችሁ የስቲም የስጦታ ካርድ አትላኩ። ዊቸር 3 ብቻውን 50 ጊጋ ገደማ ይሆናል፤ በዳታ ፓኬጅ አውርድ ማለት በካርድ ስጦታው ላይ ሌላ ዕዳ መጨመር ነው። መብራት ሲሄድም ማውረዱ ይቋረጣል። በ2020 ክረምት መላ አገሪቱ ለሳምንታት ያለ ኢንተርኔት ስትቆይ፣ ሲከፈት መደብሩን የሚጠይቅ ጌም ሁሉ ላፕቶፕ ውስጥ ተቀምጦ አልከፈት ብሎ ነበር። ከጎግ በስጦታ መልክ ግዙለት፤ ኮዱ በኢሜይሉ ይድረሰውና ጌሙ በስሙ ይመዝገብ። ከባዱን ፋይል ደግሞ ለገና የሚገባ ሰው በሃርድ ዲስክ ይውሰድለት። ለእሱ ሳትገዙ የራሳችሁን ኮፒ መላክ ግን ሌብነት ነው። ቁልፍ የለውም ማለት ለሰፈሩ አድሉት ማለት አይደለም፤ ፈቃዱ ለአንድ ሰው ነው። እንደዚያ ከተዳረሰ ያለ ቁልፍ የሚሸጥልን ሰው ነገ አናገኝም።

ዲስኩን ከመሙላታችሁ በፊት ደውሉና ላፕቶፑ ስንት ራም እንዳለው ጠይቁት። "አራት ጊጋ ነው" ካላችሁ ዊቸርን እርሱት፤ ጎግ ላይ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጡ፣ ለዚያ ማሽን የሚበቁ ጌሞች ሞልተዋል፣ በቅናሽ ጊዜም ከአንድ ማኪያቶ በታች ይሸጣሉ። ዲስኩንም በኤክስፋት (exFAT) ፎርማት አድርጉት፤ ዊንዶውስም ማክም ያነበዋል። በእጅ ሻንጣ ይያዝ፣ ከሚጫን ሻንጣ ጋር እንዳትሰጡት።