ባዮጋዝ ያስገባችሁ ንገሩኝ ላልከው ወንድሜ፣ የአስር ዓመቱን ልንገርህ

ሰላም የግሩፑ ቤተሰቦች። ትናንት ከኩታበር የጻፍከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። አምስት ከብት አለኝ፣ ኩበቱን እያነደድን ማሳው ደከመ፣ የማዳበሪያው ዋጋ አልቀመስ አለ፣ ባዮጋዝ፣ ያ እበትና ውሃ በታሸገ ጉድጓድ ተብላልቶ የሚወጣው የማብሰያ ጋዝ፣ ያዋጣል ወይ፣ መረጃስ ከየት ላግኝ ነው ያልከው። ከስር ከመለሱልህ ግማሹ አስገባና ተገላገል ብሎሃል፣ ግማሹ ደሞ የጎረቤቴ ቆሞ ቀረ ተወው ብሎሃል። ሁለቱም አልዋሹህም። እኔ እዚሁ ደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ነኝ፣ ከሐይቅ ከተማ ትንሽ ወጣ ብለን ነው ያለነው፣ ባለ 6 ሜትር ኪዩቡን ጉድጓድ በ2007 ነው ያስቆፈርነው፣ እስካሁንም ይነዳል፣ መሀል ላይ ግን ሁለቴ ሞቶብን ተነስቷል። ረዘም ይላል፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

ባዮጋዙን እንደ አንድ ተጨማሪ ላም ቁጠረው። በየቀኑ ይበላል በየቀኑ ይጠጣል፣ ካጎደልክበት ይነጥፋል። የኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ሲሚንቶው ተለስኖ ምድጃው ሲበራ ያን ቀን ድግስ ደግሶ አለቀ ይላል፣ ስራው ግን ገና ያን ቀን ነው የሚጀመረው።

አመጋገቡ እበት አንድ እጅ ውሃ አንድ እጅ ነው። ባለ 6ቱ በቀን 40 ኪሎ ገደማ እበት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ውሃውም 40 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን ማለት ነው፣ በየቀኑ፣ በየካቲትም ጭምር ምንጩ ቀጥኖ ሰው ተሰልፎ በሚውልበት ጊዜ። የኛ አገር ከብት በረት ካደረ ጠዋት የምትሰበስበው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ቢሆን ነው፣ ቀን ሜዳ ላይ የጣለውን አትቁጠረው። አምስት ከብት ይዘህ 40 ኪሎ የምትሞላው በመከራ ነው፣ በበጋ ሲከሱማ አታስበው። ስለዚህ ላንተ ባለ 4ቱ ይበቃሃል። ካስቆፈርኩ አይቀር ትልቁን የሚል ሰው አለ፣ ባሌም እንደዛ ነበር የሚለው ባለ 8 ካልሆነ ብሎ፣ ግን ጉድጓዱ ተልቆ ምግቡ ካነሰ ጋዙ ግፊት አያገኝም፣ ምድጃው ላይ ያለቀሰች ኩራዝ የመሰለች ነበልባል ታቅፈህ ትቀራለህ።

ውሃው ላይ እኛን ያዳነን የበረቱ ወለል ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፈን ወደ መቀላቀያ ገንዳው ትንሽ አዘነበልነው፣ ሌሊቱን ሽንቱ እየተንቆረቆረ እዛው ሲገባ ያድራል፣ ጠዋት ከሁለቱ ጀሪካን አንዱን ቢተካ ነው። የእቃ እጣቢም ጨምሩ የሚል ካለ ሳሙና ወይ በረኪና ካለበት አትስማው፣ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይጨርሳቸዋል። የታመመች ላም መርፌ ከተወጋችም እበቷን ለተወሰነ ቀን ለብቻ ጣለው፣ ያው መድሀኒቱ ነው።

የጠዋቱ ስራ የኔ ነው። እበቱን ገንዳው ውስጥ ጥዬ ውሃውን ቸለስ አደርግና ጓሉን በእጄ እየፈጨሁ፣ ጭዱንና አገዳውን እየለቀምኩ እጥላለሁ፣ ከዛ ማማሰያውን ይዤ እንደ ጤፍ ሊጥ ቀጠን እስኪል ማዞር ነው። ጨርቅ የተጠመጠመበትን ውታፍ ስነቅለው ጉርርር ብሎ ይወርዳል፣ ትንሿ ልጄ ያንን ለመስማት ነው ከእንቅልፏ የምትነሳው። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እጄን እበት ውስጥ መክተቱ ቀፎኝ ነበር፣ ግን ኩበት ስጠፈጥፍ ያደግኩ ሰው ምን ያስመርጠኛል።

አሁን ያንተ ቦታ ጉዳይ። ባክቴሪያዎቹ የሚወዱት ሙቀት 35 ዲግሪ ግድም ነው፣ ከ15 በታች ሲወርድ ይተኛሉ። እኛ ጋ ሐይቅ ሞቅ ይላል፣ ኩታበር ግን ደጋ ነው። እህቴ እንዳንተው ደጋ፣ ቦሩ ሜዳ ነው ያለችው፣ የሷ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጋዙ ወደ ግማሽ ይወርድባታል፣ ለልጆቹ ወተት አፍልታ ሽሮ ካወጣች አለቀ። መላ የፈጠረችው ጋዙ የሚጠራቀምበትን ጉልላት አፈር በደንብ ካለበሰች በኋላ በላዩ አዛባና ገለባ ትከምርበታለች፣ ክምሩ ሲብላላ ስለሚሞቅ ብርድ ልብስ ይሆነዋል። አንተም ፀሐይ የሚውልበት ቦታ ላይ አስቆፍር፣ ከባህር ዛፍ ጥላ ስር እንዳታደርገው፣ ስሩም ግንቡን ይሰነጥቃል። ብርዱ ከዚያም በሚብስበት ጉጉፍቱ ላይ ለሚኖር ሰው ግን እኔ ባዮጋዝ አስገባ አልለውም፣ እዛ ሌላ መላ ነው የሚያስፈልገው።

እንጀራ ይጋገርበታል ወይ የሚለውን አልጠየቅክም፣ ሚስትህ ግን መጠየቋ አይቀርም። ከባለ 6ቱ በቀን የሚወጣው ጋዝ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ኪዩብ ነው፣ አንድ ምድጃ በሰዓት 0.4 ይበላል፣ ሦስት ሰዓት ግድም ነው የሚነደው በቃ። ወጥ፣ ሻይ፣ ንፍሮ፣ ገንፎ ሸጋ አድርጎ ይሰራል፣ ድስቱ ቂጡ አይጠቁርም፣ ዓይን አይለበልብም። እንጀራ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሰፊ ምጣድ እስከ ዳር እኩል ማጋል አለብህ። በባዮጋዝ የሚሰራ ምጣድ አለ፣ ግን የቀኑን ጋዝ በአንድ ጋገራ ነው የሚጨርሰው። ችግሩ የገጠር ቤት ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚያልቀው እንጀራ ላይ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ባዮጋዝ ብቻውን አስገብቶ እንጨት ለቀማ ቀረ ያለህ ሰው አይጋግርም ማለት ነው። እኛ ለጋገራ ምርት ምጣድ አለን፣ ያ ከአሸዋና ከሲሚንቶ የሚሰራው፣ ከጉልቻው ጋር ሲተያይ ማገዶውን ግማሽ ግድም ይቀንሳል፣ እሱ ላይ የማሽላ አገዳና የባህር ዛፍ ጭራሮ ነው የምማግድበት። አቅምህ አንዱን ብቻ ከሆነ የሚፈቅደው መጀመሪያ ምርት ምጣዱን ግዛ። ወላሂ እውነቴን ነው። ቡናውን ደሞ አማቴ አሁንም በከሰል ነው የምታፈላው፣ ጋዝ ላይ የተፈላ ቡና ምኑም ቡና አይደለም ትላለች፣ እኔም አልከራከራትም ለእጣኑ ፍም ያስፈልጋል።

ወደ ማሳህ ልምጣ፣ እኔን ከጠየቅከኝ ትርፉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ኩበት ስታነድ ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ነው የሚሄደው፣ አመዱ ላይ ፎስፈረስና ፖታሽ ነው የሚቀርልህ። ባዮጋዙ ውስጥ ግን ጋዝ ሆኖ የሚወጣው በአብዛኛው ካርበኑ ነው፣ ናይትሮጂኑ ከዝቃጩ ጋር በመውጫው በኩል ይመጣልሃል፣ እንደውም ተብላልቶ ሰብሉ ቶሎ የሚወስደው ዓይነት ሆኖ። ስለሪ ነው የሚሉት ባለሙያዎቹ፣ እኛ ዝቃጭ እንለዋለን። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፣ ዝንብም እንደ እበቱ አይወረውም። እኛ መጀመሪያ ዓመት ይሄን ማን ነግሮን፣ ወደ ቦዩ ነበር የምንለቀው፣ ከስር ያለው ጎረቤታችን ዱባ ነው ያገኘው፣ የዱባው ሐረግ አጥሩን ሁሉ አለበሰው፣ ያኔ ነው ባሌ ነገሩ የገባው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ደሞ በተቃራኒው አጠፋን። ይህን የመሰለ ነገር ካለ ብለን ጤፉ ላይ አብዝተን ለቀቅነው፣ ጤፉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቁመቱ ሰው አስቆመ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ዝናብ ከንፋስ ጋር መጣና እንዳለ ተኛ። ግማሹም አልተሰበሰበም። ጤፍ ናይትሮጂን ሲበዛበት አገዳው ራሱን አይሸከምም። አሁን ማሽላውና በቆሎው ላይ ነው የምናደርገው፣ ጓሮ ላለው ጎመንና ለፓፓያው ደሞ በውሃ አቅጥነን ስሩ ላይ።

አያያዙ እንዲህ ነው። ከመውጫው አጠገብ ሁለት ጉድጓድ ቆፍር፣ ዳስ ነገር ስራለት፣ ምክንያቱም ፀሐይ ላይ ከዋለ ናይትሮጂኑ እየተነነ ይሄዳል፣ ጉልበቱ የቀነሰ ዝቃጭ ነው የምትሸከመው። አንዱ ውስጥ ገለባ፣ አገዳ፣ የታረመ አረም እየደረደርክ ዝቃጩን በላዩ ታፈሰዋለህ፣ ሲሞላ ወደ ሁለተኛው ትዞራለህ፣ አንዴ ሁለቴ ታገላብጠዋለህ፣ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ጥቁር አፈር ሆኖ ታገኘዋለህ። ያቺን ፋራምሲሳ የምንላትን አረም ሳይቀር እንጨምራታለን፣ አበባ ሳታወጣ ከተነቀለች ብቻ፣ ካበበች ዘሯን በገዛ እጅህ ማሳህ ላይ ትበትናለህ። ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ቀረ ወይ ካልከኝ አልቀረም፣ ራቅ ወዳለው ማሳ ተሸክሞ የሚያደርስ የለም፣ አህያዋም ትለግማለች። ለቤቱ ቅርብ ያለው መሬት ግን ከገዛንለት ቆየ።

ሽንት ቤት አገናኙት የሚሉህ ይመጣሉ፣ ሁለተኛ ቧንቧ ተደርጎለት ይገናኛል፣ ጋዝም ይጨምራል። እኛ ጋ ግን አማቴ "እሱን ካገናኛችሁት ከዚህ ቤት እህል አልቀምስም፣ ነጃሳ ነው" ብላ ቁጭ አለች። ባለሙያው ሊያስረዳት ቢሞክር ቢሞክር አልሆነም፣ እኛም ተውነው። አንተም ቤት ሽማግሌ ካለ ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ተነጋገሩ፣ ተሰርቶ ካለቀ በኋላ የሚነሳ ጭቅጭቅ መጥፎ ነው። ካገናኘኸው ደሞ ዝቃጩን ጥሬውን ጎመንና ሰላጣ ላይ እንዳታደርገው፣ የሆድ ትል ነው የምታበላው።

ሁለቴ ሞቶብን ያልኩህን ልጨርስልህ። የመጀመሪያው ከግንበኛው ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ልስኑን በችኮላ ሰርቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ስድስት ወር ሳይሞላው ጋዙ ቀነሰ፣ እኛ እበት አነሰው ብለን እንጨምራለን፣ ለካ ጉልላቱ ላይ ቧንቧው በሚወጣበት አንገት በኩል ያፈሳል። ሌላ ግንበኛ መጥቶ የሳሙና አረፋ ሲቀባው ፊኛ እየሰራ አሳየን። በሳሙና ነው የሚፈለገው፣ በክብሪት እንዳትሞክረው። ባዶ ነው ተብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ሰው እንዳይገባም፣ አየሩ ሰው ይጥላል።

ሁለተኛው በ2014ቱ ጦርነት ነው። ከብቱን እየነዳን ስንሸሽ ሁለት ወር ሳይመገብ ከረመ፣ ስንመለስ ላዩ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተጋግሯል። ባሌ በመውጫው በኩል በረጅም ሸንበቆ ሲቆሰቁሰው ዋለ፣ ከጎረቤት የሚሰራ ባዮጋዝ ሃያ ሊትር ዝቃጭ ለምነን እንደ እርሾ ጨመርንበት፣ ሦስት ሳምንት ግድም ፈጅቶ ነደደ። መጀመሪያ የመጣው ጋዝ አልነደደም፣ አይነድምም፣ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና አየር ነው፣ አንተም አዲስ ስትጀምር ክፈተውና ይሂድ፣ ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ። ሌላ ጊዜ ደሞ ነበልባሉ ብልጭ ድርግም ካለ ቧንቧው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ነው፣ ዝቅ ያለችው ቦታ ላይ ያለችውን የውሃ ማስወጫ ትከፍታታለህ አለቀ። ለዚች ለዚች ስንቱ ሰው ነው ቆሞ ቀረ እያለ የተወው።

ማንን ልጠይቅ ላልከው፣ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራሙ በፈረንጆቹ 2009 ሲጀመር አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ደቡብ ላይ ነው የጀመረው፣ ስለዚህ የሰለጠነ ግንበኛ በአካባቢህ ላይጠፋ ይችላል። የሚሰሩት ስንዱ የሚባለውን ዲዛይን ነው፣ ከኔፓል መጥቶ ለኛ አገር የተስተካከለ፣ ባለ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሜትር ኪዩብ። ወረዳህ ውሃና ኢነርጂ ጽህፈት ቤት ሂድና ድጋፍ አለ ወይ፣ ግንበኛ ማን አለ በል፣ እኛ ስናሰራ ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ቁፋሮውን ችለን ሲሚንቶና ቧንቧው ላይ ታግዘናል፣ ቀሪውን ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ከአብቁተ ተበድረን ነው፣ አሁን ጸደይ ባንክ የሆነው። ዘንድሮ ምን እንደሚደግፉ ከራሳቸው አፍ ስማ። ለመኖና ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ከፈለግክ ደሞ የቀበሌህን ልማት ጣቢያ ሰራተኛ ያዘው፣ ስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሰሜን ወሎ ሐብሩ ላይ አለ፣ ከኩታበር ይርቅሃል እንጂ ዘርና ዝርያ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ላንተ ደጋ ትሪ ሉሰርን የሚሉት የመኖ ዛፍ እርከኑ ላይ ቢተከል ለከብቱ መኖ ለምጣዱ ጭራሮ ይሆናል፣ ሰስባኒያ የሚባለው ሌላው የመኖ ዛፍ ለኛ እንጂ ለናንተ ብርድ አይሆንም።

ግንበኛ ከመዋዋልህ በፊት ግን የሰራውን አንድ አሮጌ፣ አምስት ዓመት ያለፈው፣ ሄደህ እየው። ባልየውን ትተህ ሚስትየውን ጠይቅ፣ ዛሬ ጠዋት ምን አበሰልሽበት በላት።

አንተ ደሞ ይሄን መልስልኝ፣ ውሃው ከቤትህ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? በየካቲትስ ይደርቃል? ከብቶቹስ በበጋ በረት ያድራሉ ወይስ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ? እሱን ጻፍልኝና ባለ 4ቱን ታስቆፍር ወይ ምጣዱን ብቻ ትግዛ ያኔ እነግርሃለሁ።