መልስ፦ ስለ «ሾገን» ጽሑፍና እውነተኛነት

«ከታች ያለው የትርጉም ጽሑፍ አደከመኝ፤ ፖርቱጋሎቹም እንግሊዝኛ ያወራሉ፤ ታዲያ ምኑ ነው እውነተኛ ታሪክ?» ላልከው።

ወዳጄ፣ እውነትህን ነው። የ2024ቱ «ሾገን» (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ጃፓን የደረሰ እንግሊዛዊ መርከበኛን ታሪክ የሚያሳየው ተከታታይ ድራማ፣ አብዛኛው ንግግሩ ጃፓንኛ ነው። ስልክ እየነካኩ የሚያዩት ድራማ አይደለም። ነጩ ጽሑፍ ደግሞ ብሩህ ምስል ላይ ሲያርፍ ይጠፋል። የአፑን ወይም የቴሌቪዥንህን የጽሑፍ ማስተካከያ ክፈት፤ ፊደሉን አሳድገው፣ ከጀርባው ጥቁር መደብ አድርግለት። ለዓይን በጣም ይቀላል። የ1980ውን የቀድሞ «ሾገን» ብታይማ ምን ልትል ነው! እዚያ ጃፓንኛው በአብዛኛው ያለ ጽሑፍ ነው የሚያልፈው፤ ተመልካቹም እንደ መርከበኛው ግራ እንዲጋባ ተፈልጎ።

እንግሊዝኛው የፖርቱጋልኛ ምትክ ነው። እሱስ እኔንም ያናድደኛል።

ታሪኩ ግን ከሜዳ የተነሣ አይደለም። መርከበኛው ብላክቶርን የተቀዳው ከዊልያም አዳምስ ነው፤ በ1600 በሆላንድ መርከብ ጃፓን ከደረሰው እንግሊዛዊ። ጃፓናዊው መስፍን ቶራናጋ ማለት በኋላ ሾገን፣ ማለትም የጃፓን የጦር ገዥ፣ የሆነው ቶኩጋዋ ኢዬያሱ ነው። አስተርጓሚዋ ማሪኮም ከሆሶካዋ ግራሺያ የተወሰደች ናት፤ እሷም በእውን የነበረች ክርስቲያን እመቤት ነች። የብላክቶርንና የማሪኮ ፍቅር ግን ፈጠራ ነው። ግራሺያና አዳምስ ተገናኝተው ስለማወቃቸው ማስረጃ የለም።