ተንጠልጣዩ ፔቱኒያዎ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በረንዳዬ ላይ ከነበረው ፔቱኒያ የተባለ የአበባ ተክል አንዱ ቅርንጫፍ ከሌሎቹ የተለየ፣ ዳሩ ቢጫ የሆነ ጥቁር ሐምራዊ አበባ አወጣ። ቆርጬ ብተክለው ያው ሆኖ በቀለ፤ ዛሬ ከአንድ ሜትር በላይ እየተንዠረገገ ይወርዳል። በቤተ ክርስቲያናችን የማያውቀው የለም። አሁን አንድ የችግኝ ነጋዴ ሽጪልኝ ብሎኛል። ዝርያውን በስሜ ለማስመዝገብ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ የሕጉ መሠረት አጭር ነው። አሜሪካ ከ1930 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ አዲስና የተለየ ዝርያ ላገኘና በዘር ሳይሆን በቁራጭ ወይም በመሰል መንገድ ላባዛ ሰው የዕፅዋት ፓተንት፣ ማለትም ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ ተክሉን እንዳያባዛና እንዳይሸጥ የመከልከል መብት፣ ትሰጣለች፤ ጥበቃው ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ 20 ዓመት ይቆያል። ተመራማሪ አለመሆንዎ እንቅፋት አይደለም። በ1931 የመጀመሪያውን የዕፅዋት ፓተንት የወሰደው የኒው ጀርሲው ሄንሪ ቦሰንበርግ ሲሆን፣ ተክሉም «ኒው ዶውን» የተባለ፣ እየተሳበ የሚያድግ ጽጌረዳ ነበር፤ እርሱም እንደ እርስዎ አበባ ከነባር ዝርያ በድንገት ተለውጦ የተገኘ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ያልጻፉልኝ ነገር ነው። «በቤተ ክርስቲያናችን የማያውቀው የለም» ብለዋል። እንዴት አወቁት? በረንዳዎ ላይ አይተውት ነው ወይስ በየቤታቸው ተክለውት? ከተከሉት ቁራጩን የሰጣቸው ማን ነው? ለባዛር ቀርቦ ተሸጦ ይሆን? እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘውልኝ የመጡ ሰዎች የሽያጩን ነገር የሚነግሩኝ ሁልጊዜ በመጨረሻ ነው፤ እንደ ጥፋት ስለማይቆጥሩት ሳይሆን አይቀርም። እባክዎ፣ ለጠበቃዎ መጀመሪያ መናገር ያለብዎ ይህንን ነው።

ምክንያቱም የአሜሪካ ሕግ ተክሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠበት፣ ለሽያጭ ከቀረበበት ወይም ለሕዝብ ከተዳረሰበት ቀን አንሥቶ የሚሰጥዎ አንድ ዓመት ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ውስጥ ማመልከቻ ካልገባ መብቱ ይቀራል፤ ይቅርታ ተጠይቆበት የሚመለስ አይደለም። ብዙዎች «አምስት ቅርጫት ብቻ ነው የሸጥኩት»፣ «ገንዘቡ ለሕንፃ ማሠሪያ ነው የገባው» ይሉኛል፤ ነገር ግን ሕጉ የሽያጩን ብዛትም ሆነ ገንዘቡ የገባበትን ቦታ አይጠይቅም። ሽያጩ በምስጢር ቢፈጸም እንኳ እንደሚቆጠር የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 በአንድ የመድኃኒት ፓተንት ክርክር ላይ ወስኗል። አዲስ አበባ ላለች እኅትዎ ልከው እርሷ ሸጣው ከሆነም፣ ከ2013 ወዲህ በሚሠራው ሕግ ሽያጩ የተፈጸመበት አገር ልዩነት አያመጣም። በነጻ የሰጡትም ቢሆን፣ «አታባዙት፣ ለሌላ አትስጡት» የሚል ስምምነት ሳይኖር ከሆነ ለሕዝብ እንደተዳረሰ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ሁኔታ እንደሰጡ ዛሬውኑ ይጻፉ፤ የባዛሩን ማስታወቂያ፣ የስልክ መልእክቶችንና ፎቶዎችን ከነቀናቸው ያስቀምጡ። ቀኑ የማይመች ሆኖ ቢገኝ እንኳ አይሰውሩት፤ ለፓተንት መሥሪያ ቤት የሚቀርበው ቃል በመሐላ ደረጃ የሚታይ ነው፤ የተደበቀ ሽያጭ ደግሞ በኋላ ፓተንቱን ያፈርሳል።

ዓመቱ አልፎ ከሆነም ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ። በአውሮፓ ኅብረት የዕፅዋት ዝርያ መብት የሚሰጠው በፈረንሳይ አንዤ ከተማ ያለው ቢሮ ሲሆን፣ ከኅብረቱ ውጭ ለተሸጠ የፔቱኒያ ዝርያ እስከ አራት ዓመት ድረስ ማመልከት ይቻላል፤ በኅብረቱ ውስጥ ለተሸጠ ግን እዚያም አንድ ዓመት ብቻ ነው። ኅብረቱ ውስጥ የማይኖር አመልካች ወኪል ማቆም ስላለበት፣ ወጪውን ከሚያገኙት ጥቅም ጋር የሚያመዛዝንልዎ ባለሙያ ያማክሩ።

ሌላም ያልነገሩኝ አለ። እናት ተክሉን ከየት አመጡት? ቦሰንበርግ የተነሣበት ጽጌረዳ ባለፓተንት አልነበረም፤ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት ተንጠልጣይ ፔቱኒያዎች ግን አብዛኞቹ ባለቤት አላቸው፤ በመለያ ካርዳቸው ላይም ያለ ፈቃድ ማባዛት የተከለከለ መሆኑ ይጻፋል። በፓተንት ከተጠበቀ ዝርያ ላይ የተለወጠ ቅርንጫፍ ቆርጦ ማባዛት ከዋናው ባለመብት ጋር ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። የሚተዳደሩበትን ሥራም አልጠቀሱም። ግሪንሀውስ ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነና ፔቱኒያውም ከዚያ የመጣ ከሆነ፣ ያገኙት አዲስ ዝርያ የአሠሪው ወይም ቁራጩን ለአሠሪው ያቀረበው ድርጅት ንብረት ነው የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ውሉን ሲፈርሙ አላነበቡት ይሆናል፤ አልወቅስዎትም፣ አሁን ግን ቅጂውን አግኝተው ለጠበቃ ያሳዩ፤ ከዚያ በፊት ለአሠሪዎ ምንም አይጻፉ።

ነጋዴውን በተመለከተ፣ መብቱን ስለማስተላለፍ መነጋገርና ተክሉን መሸጥ በሕግ የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱ ግን በአንድ የስልክ መልእክት ሊደበላለቅ ስለሚችል ብቻዎን አይደራደሩ። ሞክሬ ልየው ካለ፣ እንዳያባዛ፣ እንዳይሸጥና እንዲመልስ የሚያስገድድ የጽሑፍ ስምምነት በቅድሚያ ይፈርም። ስምምነቱ እስኪፈረምና የዕፅዋት ፓተንት የሚያውቅ ጠበቃ ቀኖችዎን እስኪመረምር ድረስ አንዲትም ቁራጭ ከቤትዎ አትውጣ።