የአስቤዛ ወጪ እንዴት ይቀንሳል? ጥያቄና መልስ

ለረጅም ዓመታት እህል በረንዳ ውስጥ እህል ስሸጥ ኖሬያለሁ፤ አሁን የምገዛው ለቤቴ ብቻ ነው። የዚህ ቡድን አባላት ስለ ጤፍ፣ ስለ በርበሬና ስለ ጥራጥሬ የምታነሱትን እመልሳለሁ። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር። የዕለቱን ዋጋ አትጠይቁኝ፤ ጠዋት የተናገርሁት ከሰዓት በኋላ አይሠራም። ሁለተኛው፣ የተፈጨ ነገር አትግዙ።

ጥያቄ (ከጀሞ)፦ እትዬ፣ ጤፍ በኪሎ እየገዛን ነው የምንኖረው። በኩንታል መግዛት በእርግጥ ያዋጣል? መቼስ ይገዛል?

መልስ፦ ያዋጣል፤ ወሩን ካወቃችሁ። ጤፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ተወቅቶ ከጥር ጀምሮ በብዛት ከተማ ይገባል። ገበሬው ግብርና የማዳበሪያ ዕዳ ስላለበት በዚያ ሰሞን እህሉን ይዞ መቆየት አይችልም። ስለዚህ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ የሸማቹ ነው። ክረምት ሲገባ የገበሬው ጎተራ ይጎድላል፣ መንገዱ ይበላሻል፣ የቀረው እህል በነጋዴ እጅ ይሆናል። ነሐሴና መስከረም ላይ ኩንታል ፍለጋ የሚሯሯጥ ሰው የነጋዴውን የመጋዘን ኪራይ አብሮ ይከፍላል።

ጤፍ ለማስቀመጥም የተመቸ እህል ነው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እንደ ስንዴና እንደ በቆሎ አያጠቃውም። ጠላቱ እርጥበት ነው። ከረጢቱን ከሲሚንቶ ወለል ላይ በእንጨት ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳም አርቁት። ዱቄቱን ግን አታከማቹ፤ ለሁለት ለሦስት ሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ አስፈጩ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ብጣሪ። ሻጩ ከከረጢቱ አፍ ዘግኖ ሲያሳያችሁ አትመኑ፤ ከመሐልና ከሥር አስወጥታችሁ እዩ። መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉበት፤ የሚበነው ገለባ ነው። ጥቂቱን በጥርሳችሁ ሞክሩት፤ የሚንቀጫቀጨው አሸዋ ነው። እስቲ አስሉት። አንዱ ኩንታል 2 ኪሎ ብጣሪ አለው፤ ሌላው 8 ኪሎ አለው፣ በዋጋ ግን ከመቶ 5 ይረክሳል። ርካሹ የትኛው ነው? ሁለተኛው አይደለም። ስታበጥሩት 92 ኪሎ ብቻ ይቀራችኋል፤ ወደ ምጣድ በሚደርሰው ኪሎ ሲካፈል ከመጀመሪያው ይወደዳል። ሰው ግን አምስት ከመቶ ቀነሰልኝ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ጥያቄ (ከሳሪስ)፦ ማኛ ይሻላል ወይስ ሰርገኛ?

መልስ፦ የማኛ ጭማሪ የሚከፈለው በአብዛኛው ለንጣቱ ነው። ነጭና ቀይ የተደባለቀውን ሰርገኛ ግዙ። እንግዳ ሲመጣ የሚቀርብ ነጭ እንጀራ ካስፈለገ ጥቂት ማኛ ለብቻው ያዙ። ‹‹የአድዓ ነው›› የተባለ ሁሉ በጤፉ ከታወቀው ከአድዓ አልመጣም፤ በእጃችሁ ያለውን ፍሬ እዩ።

አባል (ከኮተቤ)፦ እኛ ቤት ጤፉን ከሩዝ ጋር እየቀላቀልን ወጪው በጣም ቀንሶልናል።

አባል (ከፒያሳ)፦ ሩዝ የገባበት ደግሞ እንጀራ ይባላል? በማግስቱ ይደርቃል፣ ሲጠቀልሉት ይሰባበራል።

አባል (ከባሕር ዳር)፦ የሚሰባበረው ሩዙ ሲበዛ ነው። ፎገራ አካባቢ ሩዝ ቀላቅሎ መጋገር የተለመደ ነው፤ እንጀራውም የሚያምር ነው።

አባል (ከድሬዳዋ)፦ ሐረርጌ በማሽላ እንጀራ ነው ያደግነው። ጤፍ ብቻ ነው እንጀራ የሚለው የአዲስ አበባ ሰው ነው።

አባል (ከፒያሳ)፦ ማሽላ ሌላ፣ ሩዝ ሌላ። አታደባልቁ።

መልስ፦ የተጠየቀው ስለ ወጪ ነው፤ የእንጀራን ክብር ሌላ ቀን ተከራከሩበት። መቀላቀል ወጪ ይቀንሳል፤ ማሽላም ሩዝም ይሆናል። ነገር ግን እህሉን ለየብቻ ገዝታችሁ፣ መጠኑን ራሳችሁ ወስናችሁ፣ ወፍጮ ቤት ቆማችሁ አስፈጩ። ‹‹የጤፍ ዱቄት›› ተብሎ በተሸጠላችሁ ውስጥ ስንት እጅ ጤፍ እንዳለ በምን ታውቃላችሁ? የተፈጨ አትግዙ።

ጥያቄ (ከቦሌ)፦ አስቤዛ ላይ እንዴት ልቆጥብ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምን ትበላላችሁ? ስንት ናችሁ? ገንዘቡ የሚያልቀው በምን ላይ ነው? የአንድ ወር ወጪህን ጻፍና ተመለስ።

ጥያቄ (ከአያት)፦ እትዬ፣ በርበሬ ከሱፐርማርኬት በፓኬት እገዛለሁ፤ ዛላ ገዝቼ ባስፈጭ ልዩነቱ ያን ያህል ነው?

መልስ፦ ልዩነቱ ከገንዘቡም በላይ ነው። የተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ጡብ ዱቄት እየተቀላቀለ ሲሸጥ ተይዟል፤ ይህን ያልሰማችሁ ያላችሁ አይመስለኝም። ዛላው ግን ይታያል።

የማረቆም ሆነ የአላባ ዛላ ስትገዙ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ እፍኝ ዛላ አንስታችሁ አንቀጭቅጩት፤ ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል። ድምፅ ከሌለውና በእጅ ሲጨበጥ ከተለመጠ እርጥብ ነው። ክብደት እንዲጨምር ውኃ የሚረጩ ነጋዴዎች አሉ፤ ስለዚህ የውኃ ኪሎ ትገዛላችሁ። ሁለተኛ፣ ሁለት ሦስት ዛላ ቀድዳችሁ ውስጡን እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ካለ ዋጋው በግማሽ ቢወርድም ጥላችሁት ሂዱ። ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ በማስጣት አይጠፋም፣ በማቁላላትም አይጠፋም። ሦስተኛ፣ ጎንደሉን፣ ማለትም ዛላው ራስ ላይ ያለውን እንጨት ተመልከቱ። ጎንደል የበዛበት በርበሬ ከተቀነጠሰ በኋላ ምን ያህል እንደሚቀንስ የቀነጠሰ ያውቀዋል።

ገንዘብ የሚቆጥበው ሌላው መንገድ ከጎረቤት ጋር መግዛት ነው። ሦስት አራት ቤት ሆናችሁ በአንድ ላይ ብትገዙ ዋጋ ትከራከራላችሁ፣ መኪናውን ትካፈላላችሁ፣ ቅንጠሳውም በአንድ ቀን ያልቃል። ለበዓል በሬ ቅርጫ የሚገባ ሰፈር በርበሬና ጤፍ ለብቻው የሚገዛበት ምክንያት አይገባኝም።

ጥያቄ (ከገርጂ)፦ አሁን ጤፍ ስንት ገባ?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ ተናግሬያለሁ።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ዘይትስ?

መልስ፦ ጄሪካኑ ላይ ሊትር ነው ወይስ ኪሎ የሚለውን አንብቡ። 5 ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ 5 ኪሎ እና 5 ሊትር አንድ አይደሉም። ሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ዘይት ሲመጣ ከዚያ ውሰዱ።

አባል (ከአዳማ)፦ የሚረጋውን የፓልም ዘይት ባትገዙ ይሻላል፤ ለልብ ጥሩ አይደለም።

አባል (ከመርካቶ)፦ የሱፍና የኑግ ዘይት መግዛት የሚችል ሰው መቼ ፓልም ይገዛል? አቅም ነው።

አባል (ከአዳማ)፦ ታዲያ መጠኑን መቀነስ ይቻላል። ወጣችን ውስጥ የምናፈሰው ዘይት ከልክ በላይ ነው።

መልስ፦ የአዳማው አባል ልክ ነው። ወደ እህሉ እንመለስ።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ የሽሮ ዱቄት ጥሩ የሚሸጥበት ቦታ ይጠቁሙን።

መልስ፦ የተፈጨ አትግዙ እያልሁ የተፈጨ የሚሸጥበት ቦታ ትጠይቁኛላችሁ! በሽሮ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ጓያ ከአተርና ከሽምብራ ስለሚረክስ ሽሮ ውስጥ ይቀላቀላል። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ እግር ሊያሽመደምድ ይችላል፤ በአገራችን በድርቅ ዘመን ብዙ ሰው ጎድቷል። አተሩንና ሽምብራውን ለይታችሁ ግዙ፣ ልቀሙት፣ ቆልታችሁ አስከኩት፣ ከቅመሙ ጋር አስፈጩት።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ቅቤ ለበዓል ሰማይ ይነካል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ለፋሲካ ቅቤ በፋሲካ ሳምንት አይገዛም። በዐቢይ ጾም መካከል ፈላጊው ሲቀንስ ግዙ፣ አንጥራችሁ ውኃ በማይነካው ዕቃ አስቀምጡ፤ በደንብ የተነጠረ ቅቤ ለወራት ይቆያል። እንቁላልም በጾም ይረክሳል፤ እሱን ግን ማከማቸት አይቻልም።

ጥያቄ (ከለቡ)፦ ሚዛን እንዴት እናምናለን?

መልስ፦ ያልተከፈተ ባለ 1 ሊትር የታሸገ ውኃ ይዛችሁ ሂዱና ሚዛኑ ላይ አስቀምጡት። ከነጠርሙሱ ከ1 ኪሎ ትንሽ ማለፍ አለበት። 1 ኪሎ ከ100 ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ጥያቄ (ከሲኤምሲ)፦ አትክልት የት ይረክሳል?

አባል (ከለቡ)፦ ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ በጠዋት፣ ካልሆነም የእሑድ ገበያ። ቲማቲም በሳጥን ገዝቶ መካፈል ነው።

መልስ፦ እንዳለችው ነው። ሽንኩርት ለክረምት የሚያስቀምጥ ሰው የደረቀውን ይምረጥ፤ አየር በሚያገኝበት ይዘርጋው፣ በላስቲክ አያፍነው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ሽምብራና ባቄላ በብዛት ገዝተን ነቀዝ ፈጀብን። ሱቅ ውስጥ የነቀዝ እንክብል አለ፤ እንጠቀም?

መልስ፦ በፍጹም! ያ እንክብል እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። እህል ባለበት ክፍል ተኝተው ያልተነሡ ቤተሰቦች አሉ። ከመኖሪያ ቤት አታስገቡት። ጥራጥሬውን ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት፤ ከዚያም ውስጡ ሁለት ላስቲክ ባለው ባለ ሦስት ሽፋን የእህል ከረጢት ውስጥ ጨምሩ። አየሩን ጨምቃችሁ አስወጡና እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ቶሎ ቶሎ አትክፈቱት፤ ለዕለት የምትፈልጉትን አስቀድማችሁ በሌላ ዕቃ ለዩ። ይህን ከረጢት የግብርና ግብዓት ከሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ። አይጥ እንዳይበሳው ግን ተጠንቀቁ፤ አንዴ ከተበሳ ተራ ከረጢት ነው።