ጌምና ቪአር በሊኑክስ፦ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰላም ወሎዬዎች፣ እንዴት ናችሁ? ስለ ሊኑክስ ጌምና ስለ ቪአር (ዓይን ላይ በሚደረግ መነጽር ውስጥ የሚታይ ምናባዊ ዓለም) የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አይቻለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ለአዲስ ሰው አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 ጀመረው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ በነጻ ይጫናል፣ ክራክ አያስፈልገውም።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ ሊኑክስ ለሥራ እንጂ ለጌም አይሆንም ሲባል ነው የሰማሁት። እውነት ነው?

ድሮ እውነት ነበር። አሁን አይደለም። አብዛኛው ጌም የሚሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ የሚያውቀው የዊንዶውስን ቋንቋ ብቻ ነው። ባቲ ገበያ ሰኞ ቀን አማርኛ ብቻ የሚችል ነጋዴና አፋርኛ ብቻ የሚችል ገዢ ሲገናኙ፣ መሃል ላይ ቋንቋ የሚያቀብል ሰው ከተገኘ ገበያው ይደራል። በሊኑክስ ላይ ይህን የሚሠራው ዋይን የሚባል ፕሮግራም ነው። ከ1993 ጀምሮ ተለፍቶበታል።

ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ በ2018 ዋይንን መሠረት አድርጎ ፕሮቶንን አወጣ። ነገሩን የለወጠው እሱ ነው። ውስጡ ዲኤክስቪኬ የሚባል ክፍል አለ። ጌሙ በዳይሬክትኤክስ (በዊንዶውስ የግራፊክስ መንገድ) የሚያዘውን ተቀብሎ ወደ ቩልካን ይቀይረዋል። ቩልካን ደግሞ በሊኑክስም በዊንዶውስም የሚሠራ የግራፊክስ መንገድ ነው። ፕሮቶን ፕሮሰሰርን አስመስሎ ስለማይሠራ ፍጥነት ብዙ አይበላም። አንዳንዱ ጌም እንዲያውም ከዊንዶውስ እኩል ይሮጣል።

በ2022 ቫልቭ ስቲም ዴክ የሚባል በእጅ የሚያዝ መጫወቻ አወጣ። የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ኩባንያው እቃውን ለመሸጥ ብሎ ጌሞቹን ሲያስተካክል ጥቅሙ ኮምቦልቻ ላለ ላፕቶፕም ይደርሳል፤ ፕሮቶን ለሁሉም ክፍት ነውና። ጌም ከማውረድህ በፊት ፕሮቶንዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልግ። ሰዎች በየትኛው ኮምፒውተር እንደሞከሩትና እንዴት እንደሠራላቸው ጽፈውበታል። ዳታህን ያተርፍልሃል።

ከኮምቦልቻ፦ ላፕቶፔ ኮር አይ 5 ነው፣ 4ኛ ጄኔሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ ግራፊክሱ የራሱ የኢንቴል። ዊንዶውስ 11 አይቀበልም። ልሽጠው ወይስ ሊኑክስ ልጫንበት?

አትሽጠው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። እንዳንተ ያለ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ የገባበት ጭንቀት ይኸው ነው፤ ማሽኑ ግን ገና ብዙ ይሠራል። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ሊኑክስ ሚንትን ጫንበት። ሦስት ዓይነት ገጽታ አለው፣ ለአንተ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላሉ ይሻላል። ከመጫንህ በፊት ፍላሽ ላይ አድርገህ ከፍላሹ ብቻ አስነሳው። ዋይፋዩ፣ ድምጹ፣ ስክሪኑ በትክክል ይሠራ እንደሆነ ሃርድህን ሳትነካ ታያለህ።

ጌሙን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ። የ4ኛ ጄኔሬሽን የኢንቴል ግራፊክስ ለቩልካን ያለው ድጋፍ ሙሉ አይደለም። የአሁኑ ዲኤክስቪኬ ደግሞ ቩልካን 1.3 ይፈልጋል። ስለዚህ አዳዲስ ትልልቅ ጌሞችን እርሳቸው። ከ6ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለው በዚህ በኩል ይሻላል። አንተ ጋ ግን ዋይን በራሱ በቆየው ኦፕንጂኤል የሚባል መንገድ ዳይሬክትኤክስ 9 የሚጠቀሙ ጌሞችን ማስኬድ ይችላል። እንደ ፒኢኤስ 2013 ያሉ የዚያ ዘመን ጌሞች እዚህ ውስጥ ናቸው። የፒኤስፒ ጌም የሚያስኬደው ፒፒኤስኤስፒፒም በሊኑክስ አለ።

ከሁሉ በላይ ግን ለሊኑክስ ተብለው የተሠሩትን ነጻ ጌሞች እንድትሞክር እፈልጋለሁ። ሱፐርታክስካርት የመኪና እሽቅድምድም ነው፣ ከ1 ጊጋባይት በታች ነው፣ አራት ልጅ አንድ ስክሪን ከፍሎ ይጫወተዋል። ዜሮ ኤዲ የጥንት ጦርነትና የከተማ ግንባታ ነው። ባትል ፎር ዌስኖት በተራ የሚጫወቱት የስልት ጨዋታ ነው፤ ለደካማ ላፕቶፕ ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

አንድ የሚጠቅም ምክር ልጨምር። ራሙ አንድ ፍሬ 8 ጊጋ ከሆነና ሁለተኛ ክፍት ቦታ ካለህ ሌላ ራም ጨምርበት። የኢንቴሉ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ነው የሚበደረው። ሁለት ራም ሲሆን የሚያልፍበት መንገድ ይሰፋል፣ ጌሙም በግልጽ ይፈጥናል። ኤስኤስዲ ጥሩ ነው፤ ሲስተሙም ጌሙም ቶሎ ይከፈታል። የጌሙን ፍሬም (በሰከንድ የሚታየውን ምስል ብዛት) ግን አይጨምርልህም።

ከሐይቅ፦ እኔ የምፈልገው ኢኤ ኤፍሲና ቫሎራንት ብቻ ነው። ይሠራሉ?

አይሠሩም። ዊንዶውስህን አታጥፋ።

ምክንያቱ የኮምፒውተርህ ጉልበት ወይም የፕሮቶን ድክመት አይደለም። እነዚህ ጌሞች ማጭበርበርን የሚከላከል ፕሮግራም ይዘው ይመጣሉ። የዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ገብቶ ነው የሚጠብቀው። ሊኑክስ ላይ ያ እምብርት የለም፤ ስለዚህ ጌሙ አልገባም ይላል። ኢዚ አንቲቺት እና ባትልአይ የሚባሉት ሁለት መከላከያዎች ከ2021 ጀምሮ በፕሮቶን መሥራት ይችላሉ፣ ግን የጌሙ ባለቤት ራሱ መፍቀድ አለበት። አንዳንዱ ይፈቅዳል። ሌላው ከፈቀደ በኋላ ይከለክላል፤ አፔክስ ሌጀንድስ በ2024 እንዲሁ አደረገ። ጂቲኤ 5 ብቻህን የምትጫወተው ታሪኩ ይሠራል። ኦንላይኑ ግን በ2024 ባትልአይ ከገባበት ወዲህ በሊኑክስ ተዘግቷል።

ይህ ያናድደኛል። ሰው ከፍሎ የገዛውን ጌም በየትኛው ሲስተም እንደሚጫወት መምረጥ ነበረበት። ለጊዜው ያለው መፍትሔ ሃርዱን ከፍሎ ሁለቱንም መጫን ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይጠይቅሃል፣ ትመርጣለህ። ያለፈቃድ የሚያስገቡ ዘዴዎችን ግን አትንካ፤ አካውንትህን ያዘጉብሃል።

ከወልዲያ፣ እናት፦ ትልቁ ልጄ ኮምፒውተሩን ሊኑክስ አደረገው። ታናሹ 7 ዓመቱ ነው። ለሕፃን ጥሩ ነገር አለበት? አደጋስ የለውም?

እናቴ፣ አብሽሩ፣ ጥሩ ነገር ነው የሠራው። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚጫነው ከሲስተሙ የራሱ መደብር ነው። ልጁ ጌም ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ እየዞረ ቫይረስ ይዞ የሚመጣበት ዕድል በጣም ይቀንሳል። እዚያ መደብር ውስጥ ጂኮምፕሪ የሚባል አለ። ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው። ቁጥር፣ ፊደል፣ ቀለም፣ የእንቆቅልሽ ጨዋታ አለው። ማስታወቂያ የለውም፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ለትልቁ ልጅ ይንገሩት፦ ለታናሹ የራሱን አካውንት ይክፈትለት፣ ዋናውን የይለፍ ቃል ግን አይስጠው። ያኔ ሕፃኑ ምንም ቢነካካ ሲስተሙን አያበላሽም።

ከደሴ፣ ጌም ቤት ያለው ወንድም፦ ኮምፒውተሮቼን ሊኑክስ ማድረግ እፈልጋለሁ። ዳታው ግን ገደለኝ። አንድ ጌም ለእያንዳንዱ ማሽን ላውርድ?

የለም፣ አንዴ ብቻ አውርድ። ስቲም ከ2023 ጀምሮ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በቤት ውስጥ ኔትወርክ ጌም ያሻግራል። አንዱ ማሽን ከኢንተርኔት ካወረደ ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ፤ የሚያስፈልገው ስዊችና ኬብል ነው። በስቲም ማስተካከያ ውስጥ ደግሞ የሼደር (የጌሙ የግራፊክስ ኮድ) ቅድመ ዝግጅት የሚለውን አጥፋው። አንዳንዱ ጌም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊንተባተብ ይችላል፣ ግን በየጊዜው ከኋላ የሚወርደው ዳታ ይቀርልሃል።

አሁን አስፈላጊው ነገር። የስቲም የግል አካውንት ለግል መጫወቻ ነው የተፈቀደው። ለንግድ ቤት ቫልቭ የተለየ ፕሮግራም አለው፣ በእሱ መግባት አለብህ። ነጻና ክፍት ጌሞች ላይ ግን ይህ ጣጣ የለም። ሱፐርታክስካርትን፣ ዞኖቲክ የሚባለውን የተኩስ ጌም፣ የትራንስፖርት ድርጅት የምታስተዳድርበትን ኦፕንቲቲዲ በፈለግኸው ማሽን ላይ ጭነህ ልጆቹን ማስከፈል ትችላለህ። ፈቃዳቸው ይህን አይከለክልም። ሁሉም በኬብል ብቻ እርስ በርስ ያጫውታሉ። ኔትወርክ በጠፋ ቀንም ቤትህ አይዘጋም። የደሴ ጌም ቤቶች ይህን ቢያውቁት ብዬ ሁሌ እመኛለሁ።

መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት ዩፒኤስ ግዛ። ሌላ ምክር የለኝም።

ከመርሳ፦ የፕሌይ ስቴሽን 4 ጆይስቲክ ይሠራል?

ይሠራል። በኬብል ሰካው ወይም በብሉቱዝ አገናኘው፣ ምንም አትጭንም። የፕሌይ ስቴሽን 5ቱንም ቢሆን የሊኑክስ ድራይቨሩን የጻፈው ሶኒ ራሱ ነው።

ከደሴ፣ ሆጤ፦ እህቴ ከጅዳ ስትመጣ ሜታ ኩዌስት 3 የሚባለውን የቪአር መነጽር ልታመጣልኝ ነው። በሊኑክስ ላፕቶፕ የፒሲ ቪአር ጌም መጫወት እችላለሁ?

ላፕቶፕህ የራሱ የኤንቪዲያ ወይም የኤኤምዲ ግራፊክስ ካርድ አለው? ከሌለው መልሱ አይቻልም ነው። ቪአር ለሁለት ዓይን ሁለት ምስል ይሠራል። በሰከንድ 90 ጊዜ ማሳየት ካለበት ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ያ ካለፈበት ምስሉ መንገጫገጭ ይጀምራል፣ ራስህን ያዞርሃል፣ ያቅለሸልሽሃል። ግን አትዘን። ኩዌስት 3 የራሱ ፕሮሰሰር አለው፤ ያለ ኮምፒውተርም ብቻውን ይሠራል።

ካርድ ካለህ ይቻላል። ሜታ ለሊኑክስ የሚሆን የማገናኛ ፕሮግራም አልሠራም። ክፍተቱን የሸፈኑት ኤኤልቪአር እና ዊቪአርኤን የሚባሉ ክፍት ፕሮግራሞች ናቸው። ኮምፒውተሩ ጌሙን ያስኬዳል፣ ምስሉን በዋይፋይ ወደ መነጽሩ ይልካል። እኔ ለጀማሪ ዊቪአርኤንን እመርጣለሁ። ፍላትፓክ (በየሊኑክሱ ዓይነት ላይ የሚጫን ጥቅል) ሆኖ ስለተዘጋጀ መጫኑ ቀላል ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ራውተሩ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል አያይዘው። መነጽሩን በ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ አገናኘው፣ ራውተሩም አንተ የምትጫወትበት ክፍል ውስጥ ይሁን። ይህ ሁሉ ምስል የሚመላለሰው ቤትህ ውስጥ ነው። ከኢንተርኔት ጥቅልህ አይቆጥርም፤ ብዙዎች ይህን ስለማያውቁ ይፈራሉ።

ለእህትህ አሁኑኑ ደውልላት። መነጽሩ መጀመሪያ ሲነሳ አካውንት፣ የስልክ አፕና ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ማሻሻያም ያወርዳል። እዚያው ጅዳ ሆና ትጨርሰው።

ከኩታበር፦ አንድ ሰው የድሮ የዊንዶውስ ሚክስድ ሪያሊቲ መነጽር በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ልግዛ?

ማይክሮሶፍት ድጋፉን በ2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ ጀምሮ አንስቶታል። ለዚህ ነው በርካሽ የሚሸጠው። ሊኑክስ ላይ ግን ሞናዶ የሚባለው ክፍት ፕሮግራም አንዳንዶቹን ያንቀሳቅሳል። አምራቹ የተወውን ዕቃ ሌሎች በፈቃዳቸው ነፍስ እየዘሩበት ነው፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የእጅ መቆጣጠሪያዎቹ እንደ መነጽሩ አይመቹም። ለመማርና ለመሞከር ከሆነ ግዛ። ለመዝናናት ብቻ ከሆነ ይቅርብህ።

ከኮምቦልቻ፣ የቴክኖሎጂ ተማሪ፦ መጫወት ብቻ ሳይሆን መሥራት ነው የምፈልገው። ስለ ላሊበላ የቪአር ጌም ብሠራ ብዬ አስባለሁ። መነጽር የለኝም። ከየት ልጀምር?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ጎዶት የሚባለውን የጌም መሥሪያ አውርድ። ነጻ ነው፣ የሠራኸው ጌም ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው፣ ከሽያጩ የሚጠይቅህ የለም። ከ2023ቱ ጎዶት 4 ጀምሮ ኦፕንኤክስአር አብሮ ተካቶበታል። ኦፕንኤክስአር ማለት በ2019 የወጣ የጋራ ስምምነት ነው፤ አንዴ የሠራኸው ጌም በተለያየ ኩባንያ መነጽር ላይ እንዲሠራ ያደርጋል። መነጽር ስለሌለህ አትጨነቅ። ሞናዶ የውሸት መነጽር የመፍጠር ችሎታ አለው። ፕሮግራምህ መነጽር የተሰካ ይመስለዋል፣ አንተ ስክሪን ላይ ታየዋለህ። አብዛኛውን ሥራ በዚህ ጨርሰህ መነጽር የምትዋሰው ለመጨረሻው ሙከራ ብቻ ነው።

ቅርጹን በብሌንደር ሥራ። እሱም ነጻ ነው፣ ከ2020 ጀምሮ የሠራኸውን በቪአር ገብተህ እንድታይ ይፈቅዳል። ላሊበላን መምረጥህ ትክክል ነው። ፎቶ ላይ ቤተ ጊዮርጊስን ሁሉም አይቶታል። ጥልቀቱ የሚሰማው ግን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያዩ ነው፣ ያንን ደግሞ ከቪአር ሌላ የሚያሳይ መሣሪያ የለም። ስለዚህ ልኬቱን አታዛባ። አንድ ሜትር በብሌንደር አንድ ሜትር ይሁን። አሥራ አንዱንም አብያተ ክርስቲያናት ልሥራ አትበል፣ አንዱን በደንብ ጨርስ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ላሊበላን በሌዘር ለክቶ በ3ዲ መዝግቧል፤ ሥራቸውን ተመልከት፣ ለመጠቀም ከፈለግህ ፈቃድ ጠይቅ። ካህናቱንም አነጋግር። ወደየት መግባት እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጽሑፉን በአማርኛ አድርገው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ከጎዶት ፕሮጀክትህ ጋር አብረህ አስገባ፤ ያኔ ፊደሉ የትም ኮምፒውተር ላይ አራት ማዕዘን አይሆንብህም።

ከቆቦ፦ ጌሞቼ ሁሉ ዲ ድራይቭ ላይ ናቸው። ሊኑክስ ስጭን ይጠፉ ይሆን?

ሲጫን ሃርዱን በሙሉ አጥፋ የሚለውን ካልመረጥህ አይጠፉም። ሊኑክስ የዊንዶውሱን ክፍል ያነባል። ነገር ግን ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ፎርማት) በሆነ ድራይቭ ላይ ያሉ ጌሞችን በፕሮቶን እዚያው ለማስነሳት አትሞክር፤ ብዙ ጊዜ አልነሳም ይላሉ። ለሊኑክስ በኢኤክስቲ 4 ፎርማት የተደረገ ክፍል አዘጋጅና ወደዚያ ገልብጣቸው። ስቲም ፋይሎቹን ይፈትሻል፣ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ከሁሉ በፊት ግን ፎቶህንና የትምህርት ፋይልህን ሌላ ሃርድ ላይ አስቀምጥ። ጌም እንደገና ይወርዳል።